በሰው አገር የከፈትነው መዝገብ

ክቡራን የእድራችን አባላት፣

ከቦኖሻ ወጥተን ጆሃንስበርግ የገባን ቀን፣ ጄፒ ሰፈር ሀዲይሳ ሲነገር ሰምተን አገራችን ያለን መስሎን ነበር። ኋላ ግን እንግድነቱ ታወቀን። ብርድ ልብስ ተሸክሞ «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር በዱቤ እየዞሩ መሸጡን፣ የሰኔንና የሐምሌን ብርድ ቀስ በቀስ ለመድነው። ግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ ግድያና ዝርፊያ ሲነሣ ግን፣ «ብንሞት ማን አገራችን ያደርሰናል?» ተባባልን። ከናንተ እንዳየነው መዝገብ ከፍተን በየወሩ እናዋጣ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የታመመው ጠያቂ፣ የሞተውም ሬሳውን የሚሸኝለት አላጣም።

አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቀብር ላይ አልተገኙም ብላችሁ ስማችንን አትሰርዙብን። መዋጮውን እንልካለን። እዚህ የቀሩት እናት አባቶቻችን የናንተው ናቸውና።