የአክሲዮን ማኅበር ቦርድ ለማን ይቀመጣል?

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ስለ አክሲዮን ማኅበር ቦርድ ስንናገር «ይህ የነጋዴ እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም» የሚለን አይጠፋም። ነገር ግን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ ዳር የተደረደሩት ፋብሪካዎች ዕጣ የሚወሰነው በማሽኑ አጠገብ ሳይሆን በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እንመልከት። በ1950ዎቹ አጋማሽ መንግሥትና የግል ባለገንዘቦች በኅብረት አቋቋሙት። በ1967 ዓ.ም ደርግ ወረሰው። በ1984 ዓ.ም የወጣው የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25 እንዲህ ላሉት ድርጅቶች የሥራ አመራር ቦርድ ሲያቆም፣ ከአባላቱ ከፊሉን ሠራተኞች እንዲመርጡ ፈቅዶ ነበር። በ2004 ዓ.ም የእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ወደ ቢጂአይ ኢትዮጵያ ተላለፈ። ፋብሪካው ከሰበታ ንቅንቅ ሳይል ጌታው ሦስት ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው።

ሕግ አልነበረንም እንዳይባል፣ በፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ተጀምሮ እርሳቸው ሲሞቱ በፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ የተፈጸመው የ1952 ዓ.ም የንግድ ሕግ ነበረን። ይኸው ሕግ አስተዳዳሪዎቹ ከባለአክሲዮኖች መካከል ብቻ፣ ቁጥራቸውም ከ3 ያላነሰ ከ12 ያልበለጠ እንዲሆን አዘዘ። አስተዳዳሪው አክሲዮኑን በመያዣነት ያስቀምጥ ነበር፤ ከማኅበሩ ጋር ሲዋዋል አስቀድሞ ቦርዱን ያስፈቅድ፣ ኦዲተሮቹም እንዲያውቁት ይደረግ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ተቀጣሪ እንጂ የቦርድ አባል አይሆንም ነበር። በእንግሊዝ አገር የካድበሪ ኮሚቴ የሊቀ መንበሩና የዋና ሥራ አስፈጻሚው ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ እንዳይከማች የመከረው በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛው ሕግ በ32 ዓመት ይቀድማል!

ታዲያ ምን ጎደለ? የጎደለው ጠያቂ ነው እንላለን። ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ይጠራል፤ ወፍራሙ የሒሳብ መግለጫ በር ላይ ቢታደል በአንድ ጧት ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? ትንሹ ባለአክሲዮንማ ውክልናውን ፈርሞ ቤቱ ይቀመጣል።

በ2013 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰው በቦርድ እንዲቀመጥ በር ከፍቷል፤ ለሚፈልግም ማኅበር ተቆጣጣሪ ቦርድን ፈቅዷል። መልካም ነው። ዳሩ ግን ከውጭ የመጣው አባል የሊቀ መንበሩ የክርስትና ልጅ ከሆነ ምን ሊቆጣጠር ነው? ለባንኮች እንኳ ብሔራዊ ባንክ የራሳቸውን የአስተዳደር መመሪያ አውጥቶላቸዋል።

ለመሬቱ ካሣ የተቀበለ የቡራዩ ገበሬ ገንዘቡን በአክሲዮን ቢያኖር፣ ሰነዱ በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፎ ከጉባኤው ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ እጁ ይግባ እንላለን። የሕግ ተማሪዎች የጥያቄውን ረቂቅ ያዘጋጁ። የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎችም ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታና ሱሉልታ ወርደው የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ቢያስተምሩ፣ ፈቃደኞቹን ከዛሬ ጀምሮ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት እንመዘግባለን።