ያቺ ነርስ የማን ልጅ ትሁን?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። በዛሬው ዝግጅታችን በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ቤቶችን ስለሚያስጨንቅ አንድ ጉዳይ እንወያያለን፤ ነርስ ለመሆን ተስፋ ስላላት፣ የቤቷ ችግር ግን ወደ ኋላ ስለሚጎትታት ተማሪ።

እስኪ አንዲት ልጅ እናስብ። ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። አባቷ በሕይወት የሉም። እናቷ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ልጅቱ ከፈጅር ሰላት በኋላ እሳት ታነዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፤ ማታ ታናናሾቿን አስተኝታ የባዮሎጂ ደብተሯን ትገልጣለች። አባቷ በታመሙ ጊዜ ሌሊት እየተነሣች ታያቸው የነበረችውን ነርስ አልረሳቻትም። እንደ እሷ መሆን ትፈልጋለች።

ታዲያ አንድ ቀን ዘመድ ይመጣና ለእናቲቱ፣ “ልጅሽ ደርሳለች፤ ዐረብ አገር ብትልኪያት ቤትሽ ይቃና ነበር” ይላቸዋል። እናቲቱ ልባቸው ይከፈላል። የቤት ኪራዩ፣ የጤፉ ዋጋ፣ የትንንሾቹ ልብስ አለ። ልጃቸውን ስለማይወዱ አይደለም የሚያመነቱት።

ሄደው ቤተሰባቸውን የደገፉ እህቶቻችንን አንነቅፍም፤ ልፋታቸውን አላህ ይቁጠርላቸው። ይሁን እንጂ መንገዱ እንደሚወራለት የተረጋገጠ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ስንቶች ያፈሩትን ጥለው ባዶ እጃቸውን እንደገቡ እናስታውሳለን።

አሁን ራሳችንን እንጠይቅ። ሚስታችን ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል በር ላይ ቆመን፣ “ሴት ነርስ የለችም ወይ?” እንላለን። ሐያእ ነውና ተገቢ ጥያቄ ነው። ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከአምባሰል ወደ ደሴ የሚመጡ እናቶችም ይህንኑ ይሻሉ። ግን ያቺ ነርስ የማን ልጅ ትሁን? እያንዳንዳችን የራሳችንን ልጅ ከትምህርት ገበታ ካስቀረን፣ የምንጠይቃት ነርስ ከየት ትመጣለች?

ሙያው ለዲናችን እንግዳ አይደለም። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቆሰሉ ጊዜ፣ ቁስለኞችን ታክም በነበረችው በሩፈይዳ (ረ.ዐ) ድንኳን እንዲታከሙ ተደርጓል። ኡሙ ዐጢያም (ረ.ዐ) በሰባት ዘመቻዎች ተገኝታ በሽተኞችን አስታማለች። ይህ ሁሉ የሆነው የዘመናዊ ነርስነት እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከመወለዷ ከ1,100 ዓመታት በላይ ቀድሞ ነው።

የዚህን ሙያ ዋጋ እኛም በዓይናችን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ተጎዱ። አልጋና መሣሪያ ገንዘብ ሲገኝ ይተካል፤ የሠለጠነ ሰው ግን በዓመታት ልፋት እንጂ በአንድ ጀንበር አይገኝም።

“ከየት አምጥተን እናስተምራት?” የሚል ወላጅ ይኖራል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት የሚሰጠው ደሴ ላይ ነው፤ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ምደባዋ ሌላ ከተማ ቢሆን እንኳ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ውል የምትፈርም ተማሪ ድርሻዋን የምትከፍለው ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ነው። ስለዚህ ከባዱ ዳገት ከዩኒቨርሲቲው በፊት ያለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ከ100 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት አራት እንኳ አልሞሉም። ለዚህ ፈተና የምትዘጋጅ ልጅ ከገንዘብ እኩል ጊዜ ያስፈልጋታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወንድሞቿ ውሃውን ይቅዱ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ለጥናቷ ይተውላት። የቅሬ አባላት ለቀብር እንደምንሰበሰብ ሁሉ ለአንዲት የቲም ደብተርና መጽሐፍም እንሰብሰብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና። ዘካ የምናወጣም ድኾች ከባለ መብቶቹ የመጀመሪያዎቹ መሆናቸውን አንርሳ፤ ድኻ ተማሪም ከእነርሱ አንዷ ናት። ነርስ የሆናችሁ እህቶቻችን ደግሞ የሠፈራችሁን ልጆች ጠርታችሁ አስጠኗቸው፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ።

አንቺም ልጃችን፣ እናትሽን አክብሪ፤ ተስፋሽን ግን አትደብቂያቸው። በለሰለሰ አንደበት ንገሪያቸው፤ ውጤትሽን አሳያቸው። እናቶቻችንም ሆይ፣ ለዘመዱ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ልጃችሁን ጠይቋት።

አላህ የልጆቻችንን ልፋት ይባርክልን፤ የታመሙትን ያሽርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።