ጭሮና አሰበ ተፈሪ አንድ ከተማ ናቸው
(በጥር 2018 ዓ.ም የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከትናንት ጀምሮ ሆጃ እየጠጣን የድሮውን ሳቅ ስንስቅ ቆይተናል። ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የማነሣው የወረቀት ነገር ነው።

ባለፈው መስከረም እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ አንዲት የጭሮ ልጅ ማስረጃዎቿን እንድተረጉምላት ይዛ መጣች። የትውልድ ቦታዋ በአንዱ ወረቀት «አሰበ ተፈሪ»፣ በሌላው «ጭሮ» ይላል። የልደት ዘመኗ በትምህርት ማስረጃዋ 1985፣ በፓስፖርቷ 1993 ነው። የአባቷ ስም በቁቤ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። ለእኛ ግልጽ ነው፤ አንዱ ዘመን የእኛ፣ አንዱ የፈረንጅ። ፋይሉን የሚመረምረው ሹም ግን የሚያየው ሁለት ከተማ፣ ሁለት ልደት፣ ሁለት አባት ነው።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ፣ አገራቸው ጦርነት ወይም የተፈጥሮ አደጋ የገጠማቸው ሰዎች እንዳይባረሩና ሠርተው እንዲኖሩ የሚፈቅድ ጊዜያዊ ከለላ አለ፤ ቲፒኤስ የሚባለው። ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ከታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ጀምሮ ነበር። ባለፈው ወር መንግሥታቸው ማቋረጡን አስታወቀ፤ ቀነ ገደቡ የካቲት 6 ነው። የሚነካው 5 ሺህ ያህል የእኛን ሰው ነው። ሄይቲዎች ደግሞ ከዚያ ከ2002ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጀምሮ የያዙት ከለላ ከእኛ ዐሥር ቀን ቀድሞ እንዲያበቃ ተወስኗል፤ እነሱ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። ጠበቃ ቢሮ ወረፋ ስንይዝ አጠገባችን የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ቋንቋ አንግባባም፣ የያዝነው ፋይል ግን ያው ነው።

ከለላው በራሱ ወደ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አያደርስም። ብዙ ሰው «ይኸው አለኝ አይደል» ብሎ ሌላውን መንገድ ሳይጀምር ቆየ። አልፈርድበትም፤ ሁለት ሥራ እየሠራ ቤተሰብ የሚረዳ ሰው ነው፣ ጠበቃም ውድ ነው። አሁን ጥገኝነት የሚጠይቀውም በጋብቻ የሚያመለክተውም ማንነቱን በወረቀት ማስረዳት አለበት። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 መጨረሻ መሆኑን አትርሱ። ከዚያ በፊት ገለምሶ ወይም በዴሳ ለተወለደ ሰው የትምህርት ቤት መዝገብ ብዙ ጊዜ ስሙ የሰፈረበት የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

እንግዲህ መምህራንና ሬጅስትራሮች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ማስረጃ ስትጽፉ ዘመኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሩ፣ የትኛው የቱ እንደሆነም ለዩ። ቦታውን «ጭሮ፣ የቀድሞ አሰበ ተፈሪ» በሉ። የዚያች ልጅ ወንድም ስሙን ከማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ደብዳቤ ለማውጣት ሦስት ወር ተመላልሷል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ ታውቁታላችሁ አቦ! ማዶ ያለው ቀጠሮ ግን ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም። አደራ፣ ያልሆነ ነገር ጻፉ ማለቴ አይደለም። አንድ የሐሰት ደብዳቤ እውነተኛውን ፋይል ሁሉ ይዞ ይወድቃል።

ውጭ ያለነው ደግሞ መተርጎም አያቅተንም። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተጻፈ ማስረጃ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል፤ ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ ቋንቋውንም መቻሉን ጽፎ ይፈርማል እንጂ የተለየ ፈቃድ አይጠየቅም። የሕግ ምክር ግን አንስጥ። ጠበቃ ነኝ ባይም በዝቷል፤ ፈቃዱን ሳታዩ ሰው አትላኩበት።

ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። መተርጎም የምትችሉ ስማችሁንና ቋንቋችሁን ጻፉልኝ። ችግር ላይ ያለ ዘመድ ያላችሁ ግን ስሙን እዚያ ላይ አትጻፉ፤ ለብቻዬ ንገሩኝ።