የሰባኪው ልብስ

(ሙዚቃ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ወጋችን ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1923 ስላወጣው ድምፅ አልባ ፊልም፣ ስለ «ዘ ፒልግሪም» ነው።

ከወህኒ ቤት ያመለጠ እስረኛ በመዋኘት ላይ ያለ የአንድ ሰባኪ ልብስ ሰርቆ ይለብሳል። በባቡር ቴክሳስ ሲደርስ አዲስ ሰባኪ የሚጠባበቁ ምእመናን በደስታ ይቀበሉታል። ልብሱን አይተዋል፤ ሌላ ምን ይጠይቁ? ድምፅ በሌለበት ፊልም የሰውን ማንነት ቀድሞ የሚናገረው ልብስ ነው።

ገላው ግን የለመደውን አይረሳም። ትኬት መቁረጫው ጋ ቆሞ የመስኮቱን ብረት እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ጨምድዶ ይይዛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያይ ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስለውና ለመሐላ እጁን ያነሣል።

እኔ ደጋግሜ የማየው ስብከቱን ነው። የዳዊትና የጎልያድን ታሪክ በአካሉ ብቻ ይተርካል፦ አንዴ ግዙፉን ሆኖ ይንጠራራል፣ አንዴ ብላቴናውን ሆኖ ወንጭፍ ያሽከረክራል። ጉባኤው ፈዞ ሲያየው አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ያጨበጭባል። እሱም እንደ መድረክ ተዋናይ እየወጣ እየገባ እጅ ይነሣል።

በመጨረሻ የያዘው ሸሪፍ ሜክሲኮ ድንበር ላይ ይለቀዋል። ወዲያ ማዶ ሽፍቶች ይታኮሳሉ፣ ወዲህ ሕግ ይጠብቀዋል፤ አንድ እግሩን አሜሪካ፣ አንድ እግሩን ሜክሲኮ እያሳረፈ ድንበሩን ይዞ ይሮጣል።

(ሙዚቃ)