ቅርስ አሳዳጁ አባወራ



ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ሞፈር ጨብጠው አላረሱም። ይሁንና የገበሬውን ያለፈ ኑሮ እንደ እሳቸው አገላብጦ የጻፈ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ከእናታቸው ከሲልቪያ ጋር ከእንግሊዝ አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ወይዘሮ ሪታን አገቡ። ባል ጥንታዊ ጽሑፍ ሲያስሱ ሚስት ቤተ መጻሕፍት ያደራጁ ነበር። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ወንዱን አሉላ አሉት።

በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ናቸው። ፋሺስት ጣሊያን በ1937 የወሰደው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ሳይታክቱ ተሟግተው በ2005 ሲመለስ አዩ። በ1868 ከመቅደላ ለተዘረፈው ቅርስ ደግሞ የገዛ አገራቸውን ሞገቱ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል።

ለገበሬ ግን የበለጠ የሚቀርበው ስለ ክፉ ቀን የጻፉት ነው። ከ1888 ጀምሮ የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀው። ድርቅም፣ አንበጣም ተጨመረበት። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማሳው ጦም አደረ፤ ጎተራው ተሟጠጠ፤ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ሪቻርድ ይህን ከመንገደኞች ማስታወሻና ከድሮ መዛግብት ለቃቅመው መጽሐፍ አደረጉት። የእንስሳት ክትባት ሲባል ፊቱን የሚያዞር አርቢ ቢያነብበው መልካም ነበር። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የተበሰረው በ2011 ነው፤ እሳቸውም በሕይወት ነበሩ።

በየካቲት 2017 በ89 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። እናታቸው በ1960 በተቀበሩበት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።