ወደ ላስታ ምን ይዘን እንሂድ?
(ለማኅበራችን አባሎች ከተደረገ ንግግር)



ለሚመጣው የጥቅምት 19 ቀን በዓል የሙዚቃ ክበባችን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዶ ማሕሌቱን በድምፅ እንዲቀዳ አሳብ መቅረቡን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሳቡን የተቃወመ የለም፤ ክርክሩ የተነሣው ስለ መሣሪያው ነው። አንዳንድ ጓደኞች «በርካሽ ዕቃ ከምንቀዳ ገንዘቡ እስኪሟላ ብንቆይ ይሻላል» ይላሉ። እኔ የቆምሁት ይኸን ለመቃወም ነው። ገንዘቡ እስኪሟላ ዜማውን የሚያውቁት አባቶች ቆመው አይጠብቁንም።

አስቀድሜ ስለ ፒያኖ ልናገር። «ፒያኖን ከላስታ ዋሻ ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ለመቅጃ መሣሪያ ከፒያኖ የበለጠ ፈታኝ ያለ አይመስለኝም። ድምፁ እንደ መዶሻ ጀምሮ እየሳሳ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ ከፍተኛውም ዝቅተኛውም ድምፅ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ቃናው ከቦታው ስለማይነቃነቅም የቴፕ ሞተር ትንሽ ቢያወላውል ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል፤ በሰው ድምፅ ላይ ግን ያው ጉድለት ተሸሽጎ ያልፋል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ በወጣትነታቸው ወደ ወሎ ግሸን ማርያም ገብተው የመነኑት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (እ.ኤ.አ. 1923–2023) ያደረጉትን ተመልከቱ። በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየደረደሩና እያዜሙ በተራ ካሴት የቀዱት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቬኒር» በሚል ስም በሸክላ ታትሞ ወጥቷል። የካሴቱ ሹክሹክታ አለበት፤ የውጭ ወፎችም ይሰማሉ። ነገር ግን ማን ነው ይኸን ሰምቶ «ባይቀዳ ይሻል ነበር» የሚል? እማሆይ ለዚህ ሥራ ስቱዲዮ እስኪያገኙ ቢቆዩ ኖሮ ይኸን ቅጂ ዛሬ ባልሰማነው ነበር።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ አይደለም። በትልቅ ዋሻ ውስጥ እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ በየተራ እየተነባበረ በአክሱም ዘዴ የታነጸ ቤት ነው። ለድምፅ ሰው ይኸ ማለት ሳጥን በሳጥን ውስጥ ማለት ነው። በውስጠኛው ቤት እንጨቱ፣ መጋረጃውና የሕዝቡ ጋቢ ድምፁን ስለሚመጡት ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከበር ሲወጡ ግን ዋሻው ራሱ ይመልሳል፤ ከበሮው ይረዝማል፣ ቃሉ ይደበዝዛል። ሁለቱም ያምራሉ፤ ግን በአንድ ቦታ ቆሞ ሁለቱን መያዝ አይቻልም። በበኩሌ ቃሉን እመርጣለሁ።

ዋናው አደጋ የዕቃው ርካሽነት ሳይሆን ብዙ ስልኮችና ትንንሽ መቅጃዎች የድምፁን ልክ በራሳቸው ከፍና ዝቅ ማድረጋቸው ነው። ከበሮው አንድ ጊዜ ሲመታ መሣሪያው ደንግጦ ሁሉን ዝቅ ያደርጋል፤ የመሪጌታው ድምፅ አብሮ ይሰምጣል፤ ከዚያ በዝምታው ጊዜ ቀስ ብሎ ሲመለስ የሕዝቡን ሳልና ጉርምርምታ ይዞ ይመጣል። ይኸ በኋላ በምንም ጥበብ አይታረምም። ስለዚህ የምንገዛው ዕቃ የመጀመሪያ ግዴታው ይኸ ልማድ የሚጠፋበት ቁልፍ ያለው መሆኑ ነው። ልኩን በእጃችን እናደርገዋለን፤ ከፍተኛው የከበሮ ምት ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። ስልክን አልንቅም፤ ይኸን የሚፈቅድ ፕሮግራም ከተጫነበት ለመጠባበቂያ ይሆናል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ልክ ማስተካከል ጨርሶ የማያስፈልጋቸው፣ በ32 ቢት ፍሎት የሚቀዱ መሣሪያዎች መጥተዋል። «ዙም ኤች 1 ኢሴንሻል» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ በውጭ አገር ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል፣ በኪስም ይገባል። ሆኖም ማይክሮፎኑ ራሱ የሚችለው ልክ ስላለው ከከበሮው አፍ ሥር አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኩዴልስኪ የሠሩት «ናግራ 3» ለሬዲዮና ለፊልም ሰዎች ያመጣው ነፃነት ዛሬ በተማሪ መዋጮ መገኘቱ በእውነት የሚያስደንቅ ነው።

የቀረው ገንዘብ ወደ ሌላ ማይክሮፎን አይሂድ። የጆሮ ማዳመጫ፣ የንፋስ መከላከያ፣ የሚታጠፍ ማቆሚያ፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድና በቂ የባትሪ ድንጋይ እንግዛበት። በ32 ቢት አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 1.4 ጊጋባይት ያህል ስለሚወስድ 32 ጊጋባይት ካርድ ከ20 ሰዓት በላይ ይይዛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ቢቆም አያሳስበንም። የሚያሳስበን ብርዱ ነው። በላስታ ደጋ ሌሊት ተራ የባትሪ ድንጋይ ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫው ከጋቢ ሥር በደረት ኪስ ይደር።

ማቆሚያውን ከመሪጌታው ፊት ለፊት ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ራቅ አድርገን ከሰው ራስ በላይ እናቆመዋለን። ጸናጽሉ ጆሮን እንዳይወጋ ትንሽ ወደ ጎን ይዙር። እግሩ ሥር የታጠፈ ጋቢ ይነጠፍ፤ አለበለዚያ መቋሚያው ወለሉን በመታ ቁጥር ንዝረቱ በብረቱ ወጥቶ ይገባል። ይኸ ሁሉ የሚሆነው ግን የደብሩ አባቶች ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ «እዚህ አይሆንም» ካሉን ከበሩ ውጭ ቆመን የዋሻውን ድምፅ እንቀዳለን። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ቀኑ፣ ቦታውና ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም ዓራራይ መሆኑ በቃል ይነገር። አንዱ ግልባጭ እዚያው ለደብሩ ይቀመጥ፤ እኛ የምናመጣው ሁለተኛውን ነው።

ከመሄዳችን በፊት ዕቃው በፒያኖ ይፈተናል። ከግራው ጫፍ አንድ ኃይለኛ ምት፣ ቀጥሎ ፔዳሉ ተረግጦ እስኪጠፋ የሚቆይ አንድ ለስላሳ ድምፅ፤ በዚህ ሳይሰነጠቅና ሳይንሾካሾክ ያለፈ መሣሪያ ከበሮውንም መሪጌታውንም ይችላል። ፒያኖው ያለበት ክፍል ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ ስልካችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ጎን ለጎን እንሰማቸዋለን።