ስለ ጥለት ልብስና ስለ ሸማኔ ጎረቤታችን
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር)



ሊቀመንበሩ ጥቂት ደቂቃ ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ ሳይሆን ስለ ጥለት ልብስ ነው። ይሄ ደሞ ምን ያደርጋል የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

አምና ልጄን ስድር ከገበያ ባለጥለት ቀሚስ ገዛሁ። ነጋዴው የእጅ ሥራ ነው አለኝ፤ አመንኩት። አንድ ጊዜ ቢታጠብ ቀለሙ ነጩ ላይ ፈሰሰ። ለካ በፋብሪካ የታተመ ኖሯል! ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሦስት አጥር አልፎ ሸማኔ ጎረቤት እያለኝ፣ የሱ ውድ ነው ብዬ ማለፌ ነው።

ለምን እንደሚወደድ ኋላ ሄጄ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጥጡ ይፈለቀቃል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፤ እናቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ዛሬ ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ልፋቱ አልቀረም። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ እየረገጠ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይወረውራል። ነጩ ቶሎ ይሄዳል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ይዘገያል፤ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሳና ባለቀለሙን ክር ያስገባል። አንድ ክር ከሳተ ቅርጹ ይጣመማል፤ ፈትቶ እንደገና ነው። ጥበብ የተባለው በከንቱ አይደለም።

ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ ካቆዩት ውስጥ የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ የጨንቻና የዶርዜ ሸማኔዎች ስማቸው የታወቀ ነው። አዲስ አበባም ሽሮ ሜዳን ያስጠሩት እነሱ ናቸው። በእኛ በደቡቡ ደሞ የኮንሶ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ሴቶች ይፈትላሉ።

እስቲ ያለ ሸማ የሚያልፍ ምን ጉዳይ አለን? ሙሽራ ጥለት ትለብሳለች። ልጅ በነጠላ ይታዘላል። ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ሲነፍስ አራት ድርቡን ጋቢ እንደርባለን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ጥለቱን ወደ አንገታችን እናዞራለን፤ ያየ ሁሉ ሐዘንተኛ መሆናችንን ሳንናገር ያውቃል። በ2017 ዓ.ም. የቦረና ገዳ ሥልጣን ርክክብ ሲደረግም አባቶች ነጭ ለብሰው፣ ራሳቸውን ጠምጥመው ነው የታዩት። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ደገኛውም ቆለኛውም ለክብር ቀን ልብስ ይመርጣል።

ታዲያ ልብሱን እያከበርን ሠሪውን መናቅ ምን ይባላል? የዚያ ጎረቤታችን ልጅ በሙያው ተሰድቦ እያለቀሰ ቤቱ ገብቷል። ስድቡን እዚህ አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባትየውም "ልጄ በኔ ምክንያት ከሚሰደብ ዕቃውን ነቅዬ ሌላ ሥራ ብፈልግ ይሻላል" ብሎኛል። እሱ ከተወው በሰፈራችን የሚተካው የለም።

ስለዚህ ለውሳኔ የማቀርበው አራት ነገር ነው።

1ኛ. ስትገዙ ልብሱን ገልብጡት። የተሸመነ ከሆነ የጥለቱ ክር በጀርባውም ይታያል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዛዛ ነው። የታተመውን መግዛት ክልክል አይደለም፤ ግን በታተመ ዋጋ ይሁን።

2ኛ. ማኅበሩ ለሠርግና ለለቅሶ የሚውል ጋቢና ነጠላ ከጎረቤታችን ያሠራ። የክር መግዣ ስለሚቸግረው ግማሹ ቀድሞ ይከፈለው።

3ኛ. አቅም የሌለው ቤተሰብ ይህንኑ ይዋስ እንጂ ለጥለት ብሎ ዕዳ አይግባ። ተዋሹ በእጅ አጥቦ፣ ጥላ ላይ አድርቆ ይመልስ።

4ኛ. እያንዳንዳችን ልጆቻችንን እንገሥጽ። ልጅ የሚሳደበው ከቤት የሰማውን ነውና መጀመሪያ የራሳችንን አፍ እንጠብቅ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩን የሚያብረው ሰው ከመሀላችን እንዳይሄድ እንደምትተባበሩኝ ተስፋ አለኝ።